አውሬውን ማን ያሳየናል? ስለ ሳፋሪ ጉዞ የቀረበ ሂስ

በአርሂባ የምንኖር ጥቂት ጎረቤታሞች በየወሩ ጥቂት ጥቂት ፍራንክ የምናዋጣበት አነስተኛ የጉዞ ማኅበር አለን። ሙቀቱ በረድ በሚልባቸው ወራት፣ ወደብ የሚሠራውም፣ ሱቅ የሚጠብቀውም፣ በሰው ቤት የምታገለግለውም በአንድነት ተሰብስበን ለአንድ ቀን ከከተማ ወጥተን እንመለሳለን። ዘንድሮ ሐሳባችን ሰፋ አለና «ምነው ከባሕር ዳርቻ ሽርሽር አልፈን የዱር አራዊት ብናይ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። በስብሰባችን ዕለት አንድ ወዳጃችን በሚያብረቀርቅ ወፍራም ወረቀት የታተመ የአስጎብኚ ድርጅት በራሪ ጽሑፍ ይዞ መጣ። በሽፋኑ ላይ ጀንበር እየጠለቀች ነው፤ አንዲት ግራር እንደ ጥቁር ጥላ ቆማለች፤ ከሥሯ ጎፈሩን የነሰነሰ አንበሳ ተጋድሟል። ከሥዕሉ በታች የሰፈረው ቃል አንባቢው «እውነተኛዋን አፍሪካ» እንዲጎበኝ ይጋብዛል። በራሪው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የማኅበራችን ታላቅ የሆኑት እናት መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጆቼ፣ እውነተኛዋ አፍሪካ ይቺ ከሆነች እኛ ያለንባት የማን ናት?» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ሳቅ ነው። ልብ ወለድን፣ ተውኔትን፣ ዘፈንን መሔስ ለምደናል። ጉዞን ግን «ደስ አለኝ» ወይም «ተወደደብኝ» ከማለት አልፈን አንመረምርም። ሆኖም ለጎብኚ የሚሸጥ ጉዞም የተቀነባበረ ድርሰት ነው። ደራሲ አለው፤ ዋና ገጸ ባሕርይና አጃቢ ገጸ ባሕርያት አሉት፤ ሆን ተብሎ ከገጹ የተሰረዘ ሰውም አለው። ስለዚህ አንድን የሳፋሪ ጉዞ ከመግዛታችን በፊት እንደ ድርሰት ብናነበው፣ ለገንዘባችን ብቻ ሳይሆን ለኅሊናችንም ይበጃል የሚል እምነት አለኝ።

ቃሉና ውርሱ

«ሳፋሪ» የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ሥሩም ጉዞ ማለት የሆነው የዐረብኛው «ሰፈር» ነው። ሶማሌ ጎረቤቶቻችንም ጉዞን በዚሁ ቃል ሲጠሩት እንሰማለን። በእኛ ጆሮ ግን በድምፅ የሚቀራረበው ቃል ሰው የሚኖርበት፣ የሚሰፍርበት ቦታ ነው። አንዱ የሚሄደውን ሰው ያስታውሳል፤ ሌላው ሰፍሮ የሚኖረውን። የሳፋሪ ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው በሚሄደው ሰው ብዕር ነው፤ በሰፈሩ የቀረው ሰው ሲናገር የሚሰማው ጥቂት ነው።

የቅርቡን ታሪክ እንመልከት። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1909 ከሥልጣን እንደወረዱ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዘመቱ። ዓላማው ለስሚዝሶኒያን ተቋም ቤተ መዘክር ናሙና መሰብሰብ ነበር። ሩዝቬልትና ልጃቸው ከርሚት በዚያ ጉዞ በገዛ ጠመንጃቸው 512 እንስሳት እንደገደሉ ራሳቸው መዝግበዋል። ኤርነስት ሄሚንግዌይም እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1934 ያደረገውን አደን በ1935 በመጽሐፍ አሳተመ። በነዚህ ሥራዎች ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ መጪው ሰው ነው። ዱካውን የሚያነበው፣ ውሃውን የሚያውቀው፣ ሸክሙን የሚሸከመው አገሬው ከጀርባ ይቀራል። እንስሳውም በመጨረሻ የግድግዳ ጌጥ ይሆናል።

ዛሬ አስጎብኚዎች «አምስቱ ታላላቆች» እያሉ የሚቆጥሯቸው አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ አውራሪስና ጎሽ የተመረጡት በውበታቸው ወይም በብርቅዬነታቸው አይደለም። በእግር ለሚያድናቸው ሰው እጅግ አደገኛ በመሆናቸው አዳኞች ያወጡት ዝርዝር ነው። ጠመንጃው በካሜራ ቢተካም ዝርዝሩ አልተለወጠም። በሦስት ቀን አምስቱንም «ጨርሶ» የተመለሰ ጎብኚ ጉዞው ተሳካለት ይባላል፤ አራቱን ብቻ ያየው ቅር ብሎት ይመለሳል። በዚህ ዓይን የደንከል በረሃ የዱር አህያ፣ የዳይ ጫካ ቆቅ፣ የባሌው ቀይ ቀበሮ ከቁጥር አይገቡም። ከምድር ለመጥፋት እጅግ የቀረቡት ግን እነሱ ናቸው።

ከሥዕሉ ውጭ የተደረጉት

ወደ ራሳችን አገር ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አገራቸውን ለዓለም ያስተዋወቁበት «የ13 ወር ፀጋ» የተሰኘ መፈክር በብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀሉ ፖስተሮች አማካይነት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በ«ምድረ ቀደምት» ተተክቷል። የሀብተ ሥላሴን ሥራ ማቃለል አይገባም፤ አገሪቱን በካርታ ላይ የማያውቅ ዓለም በነበረበት ዘመን ያንን መንገድ ጠርገዋል። ነገር ግን እነዚያን ፖስተሮች ዛሬ በሂስ ዓይን ስናያቸው አንድ ነገር እናስተውላለን። ዋልያው ገደል ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ሳላው በሜዳ ብቻውን ይሮጣል። በዚያው ገደልና በዚያው ሜዳ የሚኖረው ሰው ከሥዕሉ ወጥቷል።

በብዙ ቦታ ሰው የወጣው ከሥዕሉ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው የመኪና መንገድ የሚያቋርጠው ስለሆነ ከመካከላችን ብዙዎቹ ያውቁታል። የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች በበጋ ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት የነበረው የወንዝ ዳር ግጦሽ ከፊሉ ለፓርኩ፣ ከፊሉም ለሸንኮራ እርሻ ተወሰደ። ዛሬ ከብት ወደ ፓርኩ ሲገባ «ወራሪ» የሚባለው አርብቶ አደር፣ አያቱ በዚያው ሣር ላይ ያደሩ ሰው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በጭነት መኪና እየከነፍን ፓርኩን የምናቋርጥ እኛ እንስሳ ገጭተን ብናልፍ «ወራሪ» የሚለን የለም።

የነጭሳር ታሪክ ይበልጥ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2004 አፍሪካን ፓርክስ የተባለው የውጭ ድርጅት ፓርኩን ለማስተዳደር ከመንግሥት ጋር ተዋዋለ። በዚያው ዓመት በፓርኩ ውስጥ የነበሩ የጉጂ አርብቶ አደሮች እንዲወጡ ተደረገ፤ ቤቶቻቸው መቃጠላቸውንም የመብት ተሟጋቾች በወቅቱ ዘገቡ። ድርጅቱ የነጭሳርንም የኦሞንም አስተዳደር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትቶ ወጣ። ፓርኩ ሲታሰብ አንዱ ዋነኛ ዓላማ የነበረው ቆርኬም በዚያ ሜዳ ላይ እየመነመነ ሄደ። ሰውን በማስወጣት አውሬን ማዳን ይቻላል የሚለው ሐሳብ በዚያ ሜዳ ላይ ሁለቱንም አልጠቀመም።

ነገሩ ግን አንድ ወገን ብቻ የለውም። የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቅርሶች አንዱ ነበር። በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት ምክንያት በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣውም በ2017 ነው። ለመውጣቱ አንዱ ምክንያት በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነበር። የፓርኩ ጥበቃ ባይኖር ኖሮ ዋልያ እስከ ዛሬ ይቆይ ነበር ለማለት አልደፍርም። ቢሆንም በግጭ ሜዳ ላይ ድንኳኑን ተክሎ በጭላዳ መንጋ የሚደነቅ ጎብኚ፣ የተቀመጠበት ሣር ትናንት የማን ገብስ ማሳ እንደነበረ ሳያውቅ ቢመለስ ድርሰቱን ከነግማሽ ገጹ አንብቧል።

የበራሪ ወረቀቱ አንበሳ የተጋደመበት ሜዳም ከዚህ ታሪክ ነጻ አይደለም። ማሳዮች ከሴሬንጌቲ እንዲወጡ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በሰኔ 2022 ደግሞ በሎሊዮንዶ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ለዱር እንስሳት ለመከለል ሲሞከር ግጭት ተነሥቶ ሰዎች ቆሰሉ፤ ብዙዎችም ድንበር ተሻግረው ወደ ኬንያ ሸሹ። «እውነተኛዋ አፍሪካ» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ይሸፍናል።

አርታ ላይ ያጨበጨብኩት እኔም ነኝ

ሌላውን ከመተቸቴ በፊት ራሴን ልክሰስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወዳጆቼ ጋር ወደ አርታ ባሕር ዳርቻ ሄጄ ነበር። በየዓመቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባሉት ወራት በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዓሣ ነባሪ ሻርኮች ይሰበሰባሉ። ሻርክ የሚለው ስም ያስፈራል እንጂ ይህ ፍጥረት ሰው አይነካም፤ አፉን ከፍቶ የሚያጣራው ፕላንክተን የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ሕያዋንን ነው። ከዓሣ ዘር ሁሉ ትልቁ ነው፤ ሲያድግ ከ12 ሜትር ያልፋል። ወደ እኛ ዳርቻ የሚመጡት ግን በአብዛኛው ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው፤ አራት ሜትር ገደማ የሚሆኑ ልጆች እንበላቸው። ለአካለ መጠን ለመድረስ አሥርታት የሚፈጅበት ፍጥረት በመሆኑ አንዱ ሲጎዳ በቀላሉ አይተካም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2016 ከመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ያን ቀን በአንዲት ጀልባ ተጨናንቀን ተሳፈርን። ጀልባ ነጂው ጥቁር ጥላ ባየ ቁጥር ሞተሩን አስጓርቶ ወደ ፊቱ ይቀድመዋል፤ እኛም እንደ ድንጋይ እንወረወራለን። ሌሎች ሁለት ጀልባዎችም መጥተው ከበቡት። ከእኛ አንዱ ጎልማሳ ዋኝቶ ደረሰበትና ጅራቱን ጨበጠ። ጀልባው በጭብጨባ ደመቀ፤ እኔም አጨበጨብኩ። እንስሳው ወደ ጥልቁ ሲጠልቅ ጀርባው ላይ ነጭ፣ ሰያፍ፣ እኩል የተራራቁ ጠባሳዎች አየሁ። ምን እንደሆኑ ስጠይቅ ጀልባ ነጂው የሞተር ፕሮፔለር የቆረጠው መሆኑን እንደ ተራ ነገር ነገረኝ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ባሕር ላይ ጥናት ያደረጉ ሳይንቲስቶችም በብዙዎቹ ሻርኮች ላይ እንዲህ ያለ የጀልባ ጠባሳ መዝግበዋል። ያን ምሽት ፎቶዎቹን ለጎረቤት ሳሳይ ጠባሳው የታየበትን ፎቶ ዘልዬ አለፍኩት። አሁን ሳስበው ጭብጨባዬም ዝላዬም አንድ ጥፋት ነበር።

በራሱ በጀልባ ነጂው ላይ ብቻ መፍረድ ቀላል ነው። እሱ ግን የሚሠራው እኛ የምንከፍልበትን ነው። «ካላሳየኸን ገንዘባችንን መልስ» ብለን ያስጠነቀቅነው እኛ ነበርን። በዓለም ዙሪያ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ደንብ ቀላል ነው። ጀልባው ከሩቅ ሞተሩን ያበርዳል፤ ጥቂት ዋናተኞች ብቻ ቀስ ብለው ይገባሉ፤ ከእንስሳው ቢያንስ ሦስት ሜትር፣ ከጅራቱም ከዚያ በላይ ይርቃሉ፤ መንካትና በፊቱ መዝጋት ክልክል ነው። ፎቶ እንኳ ለበጎ ይውላል፤ የእያንዳንዱ ሻርክ ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ ስለሚለያይ በግራ ጎኑ፣ ከመተንፈሻ ስንጥቆቹ በስተኋላ የተነሣ ጥርት ያለ ምስል ለተመራማሪዎች መታወቂያ ይሆናል። እንግሊዞች መተኮስንና ፎቶ ማንሣትን በአንድ ቃል ይጠሩታል፤ እኛ ደግሞ «ማንሣት» እንላለን። በአርታ ያደረግነው ግን ወደ መተኮሱ የቀረበ ነበር።

የታሰረው አቦሸማኔ የሚናገረው

ከከተማችን ብዙ ሳንርቅ፣ በዱዳ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው የዴካን ማኅበር መጠለያ አለ። በዚያ የሚታዩት አቦሸማኔዎች አብዛኞቹ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ወይም ከግለሰቦች እጅ የተወሰዱ ናቸው። መንገዱ የታወቀ ነው። የአቦሸማኔ ደቦሎች ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያና ከኬንያ ቆላማ ስፍራዎች ከእናቶቻቸው ተነጥቀው፣ በሶማሌላንድ ጠረፍ በኩል ባሕር ተሻግረው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሀብታም ቤቶች መጫወቻ ይሸጣሉ። በመንገድ ላይ የሚሞተው ብዙ ነው። በዓለም በዱር የቀሩት አቦሸማኔዎች ሰባት ሺህ ገደማ ብቻ እንደሆኑ ሲታሰብ የያንዳንዷ ደቦል ስርቆት ምን ማለት እንደሆነ ይገባል። የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 አደገኛ እንስሳትን በግል መያዝ በሕግ ከልክለዋል፤ ንግዱ ግን ጨርሶ አልቆመም።

«በአጥር ውስጥ ያለ አቦሸማኔ ማየት ምን ሳፋሪ ነው?» የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ግን ከብዙ የዱር ጉዞዎች ይልቅ ይህ ጉብኝት ሐቀኛ ነው እላለሁ። በደቦልነቱ ከእናቱ የተነጠቀ አቦሸማኔ አደን ስላልተማረ ወደ ዱር ለመመለስ እጅግ ይከብደዋል። አጥሩም ይህን እውነት አይደብቅም፤ ጎብኚው ፊት ለፊት የሚያየው የንግዱን ውጤት ነው። መጠለያን ከመካነ ትርኢት የምንለይበት ጥያቄ ቀላል ነው፦ ደቦል አቅፈን ፎቶ እንነሣለን ወይ? አዎን የሚል ቦታ ሁሉ፣ ስሙ መጠለያ ቢሆንም እንኳ፣ ገበያውን የሚመግብ ነው። ምክንያቱም የታቀፈው ደቦል ሲያድግ ሌላ ደቦል ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር የሐረር ጅቦች ይነሣሉ። ከድሬዳዋ መንገድ ጋር የተቆራኘን የጅቡቲ ነዋሪዎች ሐረር በደረስን ቁጥር ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚመገብበትን ትርኢት እናያለን። ይህን ከአርታው ጀልባ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አልፈልግም። በሐረር ሰውና ጅብ ረዥም የመተዋወቅ ታሪክ አላቸው፤ ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ የከተማዋን ጥራጊ ያነሣል፤ በአሹራ ቀንም ገንፎ ይቀርብለታል። ጅቡን በስሙ የሚጠራው መጋቢ የትርኢቱ አጃቢ ሳይሆን ዋናው ሰው ነው። ጎብኚው እንግዳ ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ተረት በሐረር ተገልብጦ በጎብኚው ላይ ይሠራል፤ ጅቡ በአገሩ ነው፤ ቁርበት አንጥፉልኝ የምንለው እኛ ነን። የመኪና መብራት ዓይኑ ላይ ስንለቅና ሥጋውን እኛ ካልያዝነው ስንል ግን ያንን የቆየ ዝምድና ወደ ሰርከስ እንለውጠዋለን።

የጓሳ ትምህርት

እስካሁን ስሕተቱን አበዛሁ። በጎ ምሳሌ ቢጠየቅ የመጀመሪያው በገዛ አገራችን ይገኛል። በመንዝ የጓሳ ሜዳ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት «ቄሮ» የተሰኘ የአጠባበቅ ሥርዓት ነበር። የተመረጡ አባ ቄራ ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ጓሳው ለክዳን፣ ለገመድና ለልዩ ልዩ አገልግሎት በደረሰ ጊዜ ይከፍቱታል። ከተከለከለው ቀን በፊት ያጨደ ይቀጣል። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት ዐዋጅ ቢፈርስም ነዋሪው በኋላ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ አቋቁሞታል። ዛሬ በዚያ ሜዳ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን፣ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ይታያል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ አምስት መቶ እንኳ በማይሞላ ቁጥር የቀረ ፍጥረት ነው። ጠባቂዎቹ የሜዳው ልጆች ናቸው፤ የማረፊያ ቤቱም የማኅበረሰቡ ነው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይሉት ይህ ነው። እዚህ ቀበሮው የተረፈው ሰው ስለወጣ ሳይሆን ሰው በሥርዓት ስለቆየ ነው።

ከጎረቤት አህጉራዊ ምሳሌ ደግሞ ሩዋንዳን እንውሰድ። በእሳተ ገሞራ ብሔራዊ ፓርክ አንድን የጎሪላ ቤተሰብ በቀን ከስምንት የማይበልጡ ጎብኚዎች ለአንድ ሰዓት ብቻ ያዩታል። መደበኛው ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 1,500 ዶላር ከፍ ተደርጓል፤ ከፓርኮች ገቢም ዐሥር በመቶው ለአካባቢው ሕዝብ ይመደባል። የተራራ ጎሪላ ቁጥር ከአንድ ሺህ አልፎ በ2018 ከአስከፊው የአደጋ ደረጃ አንድ እርከን ወርዷል። ይህ ታላቅ ስኬት ነው። ግን ለእኔ ብጤው የአርሂባ ነዋሪ ዋጋው የሚነግረው ሌላም ነገር አለ፦ ለብዙው አፍሪካዊ የገዛ አህጉሩን ጎሪላ ማየት ከአቅሙ በላይ ነው። ጎብኚውን በቁጥር መገደብ ተገቢ ነው፤ በኪስ ብቻ መገደብ ግን የሩዝቬልትን ዘመን በሌላ በር መመለስ እንዳይሆን ያሰጋል።

ከመክፈል በፊት

ከዚህ ሁሉ ለማኅበራችን ምን ምክር ይወጣል? በስብሰባችን ያቀረብኩት አራት ጥያቄ ነው። ገንዘባችን በመጨረሻ በማን እጅ ይቀራል? በአዲስ አበባ ወይም በናይሮቢ በተቀመጠ ቢሮ፣ ወይስ እንስሳው በሚያድርበት መንደር? መሪው የቦታው ልጅ ነውን፤ ስሙን ነግሮን ታሪኩን በራሱ አንደበት ይተርክልናልን? እንስሳው ሊርቀን ሲፈልግ መራቅ ይችላል ወይ፤ ማለትም ጀልባው፣ መኪናው፣ አጥሩ መንገድ ይተውለታልን? እንስሳው ባይታይስ ማን ይጠየቃል? «ካላያችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል» የሚል ማስታወቂያ ሲታይ ጎብኚውን ያስደስታል። በተግባር ግን ጀልባ ነጂው ሻርኩን እንዲያሳድድ፣ መኪና ነጂው አንበሳውን እንዲከብ የሚያስገድድ ውል ነው። ይህን ውል የምንፈርመው ደግሞ እኛ ነን።

በአራቱ ጥያቄዎች ስንመዝነው በራሪው ወረቀት ወደቀ፤ የአገራችንም ሆነ የጅቡቲ አንዳንድ ጉዞዎች እንዲሁ ወደቁ። አንድ ሐሳብ ግን ቆመ። በጎዳ ተራሮች ላይ ያለው የዳይ ጫካ በጥዶቹ መድረቅ እየሳሳ ነው። በዓለም ላይ ከዚያና ከማብላ ተራሮች ውጭ የማይገኘው የጅቡቲ ቆቅ፣ ከመጥፋት ጫፍ ላይ የቆመ ወፍ፣ መኖሪያው እዚያ ነው። በአካባቢው የአፋር ቤተሰቦች የሚያስተዳድሯቸው ቀላል ማረፊያዎች አሉ። ሌሊቱን እዚያ አድረን በማለዳ ከአንድ የቦታው መሪ ጋር በእግር እንድንወጣ ሐሳብ አቀረብኩ። ወደ አርታም በጥር እንመለሳለን፤ ግን ጥቂት ሆነን፣ ሞተሩን ከሩቅ ለሚያበርድ ጀልባ ጥቂት ጨምረን ከፍለን፣ እጃችንን ሰብስበን። የቀድሞውን ጭብጨባ እንደማልደግመው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ሐሳቡ በድምፅ ከመጽደቁ በፊት አንድ ወጣት አባላችን ተነሣ። «ያን ያህል መንገድ ሄደን፣ ያን ያህል ፍራንክ ከፍለን፣ ወፏን ካላየናትስ?» ሲል ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ እሱ ወሩን ሙሉ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክሞ ያጠራቀመው ገንዘብ ነውና። እኔ መልስ ሳዘጋጅ ያቺ በራሪ ወረቀት ያሳቀቻቸው እናት ቀደሙኝ።

«ልጄ» አሉት፣ «ድምጿን ከሰማን ይበቃናል። ድምጿንም ካልሰማን ጫካውን እንዳየን፣ ከሰዎቹ ጋር ሻይ እንደጠጣን እንመለሳለን። እሷ እኛን ካየችን እንዳላየናት አትቆጥረው።»

ወጣቱ ትንሽ አሰበና እጁን አወጣ። የጉዞው መዋጮ ከሚቀጥለው ወር ይጀመራል።